የወረዳችሁን ቦኖዎች ካርታ በኪውጂአይኤስ መሥራት፦ ለጀማሪዎች

ጂአይኤስ (መረጃን ከቦታው ጋር አያይዞ በካርታ የማሳየትና የመተንተን ዘዴ) መማር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ዳታ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ከተማ ነው። ተማሪው የተባለውን ቁልፍ ሁሉ ይጫናል፣ ካርታውም ይወጣለታል። ትክክል ይሁን ስህተት ግን ሊያውቅ አይችልም። ቦታውን አይቶት አያውቅማ!

የእኔ ምክር ሌላ ነው። በእግራችሁ የምታውቁትን ቦታ ምረጡ። ያደጋችሁበት ቀበሌ ወይም የምትሠሩበት ወረዳ ሊሆን ይችላል። ቦኖው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እንደሆነ ስለምታውቁ፣ ሶፍትዌሩ ከወንዙ ማዶ ሲያስቀምጠው ወዲያው ትነቃላችሁ። ጀማሪን ከስህተት የሚያድነው ይህ እውቀት ነው። እኔም የተማርኩት በገጠር የውሃ ቦኖዎች ነው፤ ይህ መመሪያም በዚያው ምሳሌ ይሄዳል። እናንተ በቦኖ ፈንታ ጤና ኬላ ወይም ወፍጮ ቤት ማድረግ ትችላላችሁ። አሠራሩ አንድ ነው።

1. ሶፍትዌሩን መጫን

ኪውጂአይኤስ ነጻ የጂአይኤስ ሶፍትዌር ነው። ጌሪ ሸርማን በ2002 የጀመረው ሥራ ሲሆን ዛሬ የብዙ አገር ሰዎች ተባብረው ያሳድጉታል። ፈቃድ መግዛት የለም፣ ክራክ መፈለግም የለም። ዊንዶውስ፣ ማክ እና ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ቢሯችሁ የሚጠቀመው አርክጂአይኤስ የሚባለውን በክፍያ የሚገኝ ሶፍትዌር ቢሆንም ግድ የለም፤ እዚህ የምትይዙት ሐሳብ እዚያም ያገለግላችኋል።

ከራሱ ከኪውጂአይኤስ ድረ ገጽ አውርዱ። የተለያዩ ቅጂዎች ታያላችሁ። አዲስ ነገር ከሚሞከርበት ይልቅ «ሎንግ ተርም» የሚለውን ምረጡ፤ ለረጅም ጊዜ እርማት የሚደረግለት እሱ ነው። ፋይሉ 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወይም የሌሊት ጥቅል ይሻላል። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ካላችሁ በጣም ጥሩ። 4ም ቢሆን ለዚህ ሥራ ያስኬዳል።

ሜኑዎቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ።

2. ፎልደር እና የጀርባ ካርታ

ከምንም በፊት አንድ ፎልደር ክፈቱ። ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ ይግባ። ፎልደሩን ዴስክቶፕ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ አታድርጉት፤ ፍላሹ በተነቀለ ቁጥር ፕሮጀክቱ ፋይሎቹን ያጣል።

ኪውጂአይኤስን ክፈቱ። በግራ በኩል «ብራውዘር» የሚል ሳጥን አለ። እዚያ ውስጥ «ኤክስዋይዜድ ታይልስ» የሚለውን ዘርጉት፣ «ኦፕንስትሪትማፕ» የሚለውን ሁለቴ ጫኑ። ዓለም በሙሉ ይመጣል። በማውሱ ጎማ እያጎላችሁ ወረዳችሁን ፈልጉ። ይህ ካርታ በ2004 የተጀመረና ማንም ሰው የሚያርመው ስለሆነ፣ አንዳንድ የገጠር ቀበሌ ባዶ ሊሆንባችሁ ይችላል። ለጀርባ ግን ይበቃል። ፕሮጀክቱን በኮንትሮል እና ኤስ አስቀምጡ።

3. ሰንጠረዡን ማዘጋጀት

የካርታ ሥራ ግማሹ እዚህ ኤክሴል ላይ ነው። ስለዚህ አትቸኩሉ።

በስልካችሁ ጂፒኤስ የእያንዳንዱን ቦኖ ኮኦርዲኔት (ቦታውን የሚገልጹትን ሁለት ቁጥሮች) ያዙ። ሰማይ በግልጽ በሚታይበት ቦታ ቁሙ፣ ትንሽ ታገሡ። ስልኩ መጀመሪያ የሚሰጠው ቁጥር ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ቆይቶ ወደ 5 ሜትር አካባቢ ይጠጋል። ቁጥሩን በዲግሪ ነጥብ መልክ ጻፉት። በዲግሪ፣ በደቂቃ እና በሰከንድ ከተሰጣችሁ ደቂቃውን ለ60፣ ሰከንዱን ለ3600 አካፍላችሁ ደምሩ። 9 ዲግሪ ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ማለት 9.03 ነው። ከነጥቡ በኋላ 5 አኃዝ ይበቃል፤ አምስተኛው አኃዝ መሬት ላይ 1 ሜትር ገደማ ነው።

የዓምዶቹን ርዕስ በላቲን ፊደል፣ አጭርና ክፍት ቦታ የሌለው አድርጉት። ውስጡን ግን ያለ ስጋት በአማርኛ ሙሉት። መለያ ቁጥር፣ የቦኖው ስም፣ ላቲትዩድ (ሰሜን-ደቡብ)፣ ሎንጊትዩድ (ምሥራቅ-ምዕራብ)፣ ሁኔታ እና የተጎበኘበት ቀን ለመጀመሪያ በቂ ናቸው።

እዚህ ላይ በእንግሊዝኛ መማሪያዎች የማታገኟቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ፊደል ነው። በሁኔታው ዓምድ አንዱ ቦታ «ይሠራል»፣ ሌላው ቦታ «ይሰራል» ብትጽፉ ለእኛ ያው ነው። ለሶፍትዌሩ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለት ቀለም ይሰጣቸዋል። ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ስለዚህ መልሶቹን አስቀድማችሁ ወስኑ፦ «ይሠራል»፣ «ይቆራረጣል»፣ «ተበላሽቷል»። ከዚያ በኤክሴል ዝርዝር እንዲመረጡ አድርጉ እንጂ በእጅ አይጻፉ።

ሁለተኛው ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ የምትይዙት፣ ዓምዱን አስቀድማችሁ «ቴክስት» አድርጉት። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብትጽፉ ኤክሴል የሚያየው ፌብሩዋሪ 30ን ነው። እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ አንዱን ረድፍ ቀን፣ ሌላውን ጽሑፍ እያደረገ ዓምዱን ይቀላቅለዋል።

ስትጨርሱ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ፤ ሲኤስቪ ሰንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ ፋይል ነው፣ ዩቲኤፍ-8 ደግሞ የአማርኛን ፊደል የሚይዝ የጽሑፍ አቀማመጥ ነው። ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ከዚያ ፋይል ላይ ፊደሉን መመለስ ስለማይቻል የኤክሴሉን ዋና ቅጂ ፈጽሞ አትሰርዙ።

4. ነጥቦቹን ማስገባት

ኮንትሮል እና ኤል ስትጫኑ የዳታ መስኮቱ ይከፈታል። «ዴሊሚትድ ቴክስት» የሚለውን ምረጡና ፋይላችሁን አሳዩት። «ኢንኮዲንግ» የሚለው ቦታ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አረጋግጡ። ከታች ናሙናው ላይ አማርኛው በትክክል ከተነበበ መልካም ነው።

ከዚያ ኤክስ እና ዋይ ይጠይቃችኋል። ኤክስ ሎንጊትዩድ ነው፣ ዋይ ላቲትዩድ ነው። ስንናገር ላቲትዩድን ስለምናስቀድም ብዙ ሰው እዚህ ይገለብጠዋል። ኮኦርዲኔት ሲስተሙን፣ ማለትም ቁጥሮቹ የሚነበቡበትን ሥርዓት፣ ኢፒኤስጂ 4326 (በዲግሪ የሚለካው ሥርዓት ኮድ) አድርጉና «አድ» በሉ።

አሁን ነጥቦቹ የት እንዳረፉ ተመልከቱ። ያረፉበት ቦታ ራሱ ችግሩን ይነግራችኋል።

አዲስ አበባ ሎንጊትዩድ 38.75፣ ላቲትዩድ 9.03 አካባቢ ናት። ብትገለብጡት ነጥቡ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ፣ ከጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ያርፋል። የኢትዮጵያ ዳታችሁ ሜዲትራኒያን አካባቢ ከታያችሁ እንግዲህ ኤክስ እና ዋይ ተገልብጠዋል ማለት ነው።

ነጥቦቹ ሁሉ ምዕራብ ኬንያ፣ ኪሱሙ ከተማ አጠገብ አንድ ላይ ተከምረው ካገኛችኋቸው ደግሞ ቁጥራችሁ በዲግሪ ነው፣ ለሶፍትዌሩ የነገራችሁት ግን በሜትር እንደሆነ ነው። በዩቲኤም (ክፍል 5 ላይ የምናየው በሜትር የሚለካ ሥርዓት) ዞን 37 ዜሮ ሜትር የሚጀምረው እዚያ ምድር ወገብ ላይ ስለሆነ፣ 38 እና 9 የሚሉትን ቁጥሮች ከዚያ 38 ሜትርና 9 ሜትር ርቀት ላይ ያስቀምጣቸዋል።

አንድ ነጥብ ብቻ ርቆ ከሄደ ኤክሴሉ ላይ አኃዝ ተዘሏል።

5. ኮኦርዲኔት ሲስተም

ጀማሪዎች ዘለው የሚያልፉት፣ በኋላ ግን ብዙ ሥራ የሚያፈርስባቸው ክፍል ይህ ነው። በዝግታ እንሂድ።

4326 የሚባለው ቦታን በዲግሪ ይገልጻል። ጂፒኤስ የሚሰጣችሁ እሱን ነው። ለማስቀመጥ ጥሩ ነው፣ ለመለካት ግን አይመችም፤ «1 ኪሎ ሜትር ዙሪያ» ብላችሁ በዲግሪ ማስላት አትችሉም። ለመለካት ሜትር ያስፈልጋል። ለዚህ ዩቲኤምን እንጠቀማለን።

ዩቲኤም ዓለምን በ6 ዲግሪ ስፋት ይከፋፍላታል። ኢትዮጵያ ሦስት ዞን ውስጥ ትገባለች። እስከ 36 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ዞን 36 ነው፤ ጋምቤላ እና አሶሳ እዚህ ናቸው። ከ36 እስከ 42 ዞን 37 ነው፤ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ። ከ42 በላይ ያለው ዞን 38 ነው፤ ጅግጅጋ እዚህ ትገባለች። ድሬዳዋ እና ሐረር ቅርብ ለቅርብ ሆነው ሳለ መስመሩ በመካከላቸው ያልፋል፦ ድሬዳዋ 37፣ ሐረር 38። በዚያ አካባቢ የምትሠሩ ሰዎች ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ ሁሉንም ፋይል በዚያ አድርጉ። መቀላቀሉ ነው የሚጎዳው።

ኮዶቹን ለማስታወስ ቀላል ነው። 326 ብላችሁ የዞኑን ቁጥር ትቀጥላላችሁ። 32636፣ 32637፣ 32638።

ቀጥሎ ያለውን ልዩነት በደንብ ያዙልኝ። «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» (ሌየር በካርታው ላይ የሚደራረብ አንድ የዳታ ንብርብር፣ ሲአርኤስ ኮኦርዲኔት ሲስተም ነው) የሚለው ትእዛዝ ቁጥሮቹን አይነካም፤ በምን ቋንቋ እንደተጻፉ ብቻ ለሶፍትዌሩ ይነግረዋል። «ሪፕሮጀክት» የሚለው ግን ቁጥሮቹን ራሳቸውን ከዲግሪ ወደ ሜትር ይተረጉማል። ዳታችሁ በዲግሪ ሆኖ «ሴት» ብላችሁ 32637 ብትሰጡት ኪሱሙ ትደርሳላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ መተርጎም ነው።

አሁን እንሥራው። ሌየሩን በቀኝ ጫኑ፣ «ኤክስፖርት»፣ «ሴቭ ፊቸርስ አዝ»። ፎርማቱን «ጂኦፓኬጅ» (የካርታ ዳታ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) አድርጉ፣ ሲአርኤሱን 32637 (ወይም የእናንተን ዞን)፣ ስምና ፎልደር ስጡ፣ «ኦኬ»። አዲሱ ሌየር ከአሮጌው ጋር ልክ ተደራርቦ ከታየ ትርጉሙ ሠርቷል። አሮጌውን ከዝርዝሩ አስወጡት።

ከድሮ ወረቀት ካርታ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። በ1:50,000 የታተሙት የቆዩ የኢትዮጵያ ቶፖ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል ዳተም (ቁጥሮቹ የሚለኩበት መነሻ) የተሠሩ ናቸው። ከእነሱ ላይ ያነበባችሁትን ቁጥር እንደ ጂፒኤስ ቁጥር ካስገባችሁት 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። በገጠር 200 ሜትር ማለት ቦኖው ከሌላ መንደር ገባ ማለት ነው። ለዞን 37 የአዲንዳን ኮድ 20137 ነው። መጀመሪያ ያንን «ሴት» አድርጉ፣ ከዚያ ወደ 32637 ተርጉሙ።

6. ለምን ጂኦፓኬጅ?

ብዙ መሥሪያ ቤት አሁንም የሚለዋወጠው በቆየው የካርታ ዳታ ፋይል ዓይነት፣ በሼፕፋይል ነው። የሚሰጣችሁን ተቀበሉ፤ የራሳችሁን ግን በጂኦፓኬጅ አስቀምጡ። ሼፕፋይል የዓምድ ስም ከ10 ባይት በላይ አይዝም። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በአማርኛ የሰየማችሁት ዓምድ ከ3 ፊደል በኋላ ይቆረጣል። የጽሑፉም ጣሪያ 254 ባይት ስለሆነ 84 ፊደል ላይ ያበቃል፤ ረዘም ያለ ማስታወሻ ከጻፋችሁ ጅራቱ ይጠፋል። ጂኦፓኬጅ ይህ ችግር የለበትም።

ሼፕፋይል ሲልኩላችሁ ደግሞ አንድ ፋይል ብቻ አትቀበሉ። ኤስኤችፒ፣ ኤስኤችኤክስ፣ ዲቢኤፍ እና ፒአርጄ፣ አራቱም አብረው መምጣት አለባቸው።

7. የወረዳ ወሰን

ወሰን ለማግኘት የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ፣ ኦቻ የሚያስተዳድረው የሂዩማኒታሪያን ዳታ ኤክስቼንጅ ጥሩ ቦታ ነው። የኢትዮጵያን ክልል፣ ዞን እና ወረዳ ወሰን በነጻ ታወርዳላችሁ።

ያወረዳችሁት ፋይል የየትኛው ጊዜ እንደሆነ ለማወቅ ክልሎቹን ተመልከቱ። ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ደቡብ ኢትዮጵያ እና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2023 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው ክልል የሆኑት። ሲዳማ በደቡብ ክልል ውስጥ ካለ ፋይሉ አርጅቷል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ መኖሯን ፈልጉ።

የራሳችሁን የሕዝብ ቁጥር ወይም ሌላ ሰንጠረዥ ከወሰኑ ጋር ለማገናኘት በስም አትሂዱ። የወረዳ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ አጻጻፍ የለውም፤ ደብረ ብርሃንን ብቻ ስንት ዓይነት ተጽፋ ታገኟታላችሁ። ፋይሉ ውስጥ ፒ-ኮድ የሚባል፣ የእያንዳንዱን ወረዳ መለያ ኮድ የያዘ ዓምድ አለ፤ በእሱ አገናኙ።

8. ቀለም እና ጽሑፍ

ሌየሩን ሁለቴ ጫኑ፣ «ሲምቦሎጂ» ውስጥ ግቡ። ከላይ «ሲንግል ሲምቦል» የሚለውን ወደ «ካቴጎራይዝድ» ለውጡ፣ የሁኔታውን ዓምድ ምረጡ፣ «ክላሲፋይ» በሉ። መጨረሻ ላይ የሚመጣውን «ኦል አዘር ቫልዩስ» ሳትቆጥሩ ሦስት ቀለም መምጣት አለበት። አራት ከመጣ ሠ እና ሰ ተቀላቅለዋል፤ ወደ ሰንጠረዡ ተመለሱ። ካርታው በጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ሊታተም ስለሚችል ከቀለም በተጨማሪ ቅርጹንም ለዩት፤ የሚሠራው ክብ፣ የተበላሸው የመስቀል ምልክት ይሁን።

ስም እንዲታይ «ሌብልስ» ውስጥ ገብታችሁ የስሙን ዓምድ ስጡ። ፎንቱን ኒያላ፣ ኤብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አድርጉት። በዙሪያው ነጭ «በፈር» (ጠርዝ) ጨምሩበት፤ ከጀርባው ካርታ ላይ ጎልቶ ይነበባል።

9. ውሃ ያልደረሰው የት ነው?

እስካሁን የሠራነው ነጥብ ማስቀመጥ ነው። ጂአይኤስ መልስ መስጠት የሚጀምረው እዚህ ነው፤ እኔንም ይህን ሙያ ያስወደደኝ ይህ እርምጃ ነው።

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ውሃ ነበር። እኛም 1 ኪሎ ሜትሩን እንውሰድ።

መጀመሪያ የሚሠሩትን ቦኖዎች ብቻ እናስቀር። ሌየሩን በቀኝ ጫኑ፣ «ፊልተር» ውስጥ የሁኔታው ዓምድ «ይሠራል» ከሚለው ጋር እኩል እንዲሆን ጻፉ። የዓምዱ ስም በድርብ ትምህርተ ጥቅስ፣ እሴቱ በነጠላ ትምህርተ ጥቅስ ይገባል። ይህን ካልለያችሁ አይሠራም።

ከዚያ «ቬክተር»፣ «ጂኦፕሮሰሲንግ ቱልስ»፣ «በፈር»። ይህ በፈር በእያንዳንዱ ቦኖ ዙሪያ በሰጣችሁት ርቀት ክብ ይሠራል። ርቀቱን 1000 ሜትር አድርጉ። ከቁጥሩ አጠገብ «ዲግሪ» የሚል ከታያችሁ ቁሙ፤ የተሳሳተውን ሌየር መርጣችኋል። «ሴግመንት» የሚለው 5 ተብሎ ይመጣል፤ 30 አድርጉት፣ ክቡ የተስተካከለ ይሆናል። «ራን» በሉ።

ውጤቱን ሳታምኑ በፊት ፈትሹት። 1 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ስፋቱ 3.14 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ኤፍ 6 ተጭናችሁ የአትሪቢዩት ሰንጠረዡን ክፈቱ፣ በፊልድ ካልኩሌተሩ ስፋቱን አስሉት። ወደ 3.14 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ከመጣ ደህና ናችሁ። ሴግመንቱን 5 ትታችሁት ከሆነ 3.09 ታያላችሁ።

ካረጋገጣችሁ በኋላ በፈሩን እንደገና ሥሩት፣ አሁን ግን «ዲዞልቭ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። የተደራረቡት ክቦች ይዋሐዳሉ። ቀለሙን ፈዘዝ አድርጉት። ከወረዳው ወሰን ውስጥ ሆኖ ከቀለሙ ውጭ የቀረው መሬት፣ የሚሠራ ቦኖ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሌለው ነው። ፊልተሩን አንሥታችሁ በሁሉም ቦኖዎች ብትደግሙት ደግሞ ሌላ ካርታ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ የተበላሹትና የሚቆራረጡት ቢጠገኑ ውሃ የሚያገኙት መንደሮች ናቸው። በጀት ለሚጠይቅ የውሃ ጽሕፈት ቤት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ገደቡንም ግን እወቁ። ክቡ የሚለካው በአየር ነው። የሸዋን ወይም የወሎን ገደል ለሚወርድና ለሚወጣ፣ ጀሪካን ለተሸከመች ልጅ፣ በካርታ 1 ኪሎ ሜትር የሆነው በእግር እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቦታውን የምታውቁት እናንተ ናችሁና እንዲህ ያለውን መንደር በማስታወሻ ለዩት።

10. ወረቀት ላይ ማውጣት

ኮንትሮል እና ፒ ተጫኑ፣ ስም ስጡ። ሌይአውት የሚባል ባዶ ኤ4 ይከፈታል። «አድ ማፕ» ብላችሁ ሳጥን ሳሉበት። ስኬሉን 50000 አድርጉት፤ ያኔ 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ይሆናል፣ በአግድም ኤ4 ላይም 14 በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይገባል። ወረዳው ከዚያ ከሰፋ ኤ3 ውሰዱ እንጂ እስኪደበዝዝ አታሳንሱት።

ርዕስ፣ መግለጫ፣ የስኬል መስመር እና የሰሜን ምልክት ከ«አድ አይተም» ሜኑ ይገባሉ። መግለጫው ላይ የሌየሮቹን ስም ወደ አማርኛ ለመቀየር «ኦቶ አፕዴት» የሚለውን ምልክት አንሡ። መረጃው የተሰበሰበበትን ወር እና ዓመት መጻፍ አትርሱ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ዓ.ም. ብላችሁ ለዩት። የጀርባ ካርታው ኦፕንስትሪትማፕ ከሆነ ምንጩን መጥቀስ የፈቃዱ ግዴታ ነው። ከዚያ በ300 ዲፒአይ ፒዲኤፍ አውጡ።

የመጀመሪያውን ቅጂ ለአለቃ አታቅርቡ። ወደ መንደሩ ውሰዱት፣ ለውሃ ኮሚቴው አሳዩት። «ይሄ ቦኖ እኮ ከበልጉ ወዲህ ደርቋል» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ስትመለሱ ሌየሩን ምረጡ፣ የእርሳስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫኑ፣ ሰንጠረዡ ላይ አርሙት፣ አስቀምጡ። ሌይአውቱ ራሱን ያድሳል፤ አዲስ ፒዲኤፍ ማውጣት ብቻ ነው የሚቀራችሁ። በፈሩ ግን ራሱን አያድስምና ስድስትም ይሁን አንድ ቦኖ ከተቀየረ እንደገና ሥሩት።

ለሥራ ባልደረባ ስትሰጡ የፕሮጀክት ፋይሉን ብቻ አትላኩ። ፋይሉ ውስጥ ያለው የሌየሮቹ አድራሻና ቀለም ነው፤ ዳታው የለም። የሚቀበለው ሰው ባዶ ገጽና የስህተት መልእክት ነው የሚያየው። ፎልደሩን በሙሉ ዚፕ አድርጋችሁ ላኩት።